በጥፍር ላይ አሥራ አንድ ኩንታል
የጥልቅ ባሕር ሰርጓጅ ሰው ሳይሳፈርበት እንዴት ይፈተናል?

አያት አካባቢ የሚኖር ሰው በየዕለቱ የሚያየው ተራራ እንጂ ባሕር አይደለም። የቆመበት መሬት ራሱ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የእንጦጦ ራስ ደግሞ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው። ሽንብራና ባቄላ ቶሎ አልበስል እያለ እናቶችን የሚያስቸግረውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ግፊት የሚባለው ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሲቀንስ ምን እንደሚያደርግ ከማጀታችን እናውቀዋለን። ለመሆኑ ሲጨምርስ ምን ይሆናል?

ሲጨምር ለማየት ወደ ባሕር መውረድ ያስፈልጋል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ዝቅ ባልን ቁጥር፣ በባሕር ዳርቻ ላይ ካለው የአየር ግፊት ጋር የሚተካከል ሌላ ግፊት ይደረብብናል። የታይታኒክ መርከብ ስባሪ ከተጋደመበት ከ3,800 ሜትር ጥልቀት ስንደርስ፣ የአውራ ጣት ጥፍር በምታህል በአንዲት ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ አራት ኩንታል ያህል ይጫናል። ጥልቅ ከሆኑት ሁሉ በሚጠልቀው፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ባለው በቻሌንጀር ገደል ደግሞ ጥልቀቱ 10,900 ሜትር ያህል ስለሆነ በዚያችው ጥፍር ላይ የሚያርፈው ሸክም አሥራ አንድ ኩንታል ይሆናል። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የተዘረጋውን የቀላል ባቡር መስመር ብናስብ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መስመሩን አቁመን ወደዚያ ገደል ብንሰደው ሁለት ሦስተኛው ሳይሞላ ወለሉን ይነካ ነበር።

እንዲህ ባለ ስፍራ ሰው በሕይወት ወርዶ የሚመለሰው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የተቀመጠባት ጠንካራ ቤት ናት። ቤቲቱ የምትሠራበት ብረትና የምትፈተንበት መንገድ የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ሳይንስ ብቻ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በማንኛውም ቤተሰብ ዘንድ የሚነሳ ጥያቄ በውስጡ አለ፦ «ነገሩ አስተማማኝ ነው» ሲሉን በምን እናምናቸዋለን?

አባትና ልጅ

ሰኔ 11 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 18 ቀን 2023፣ «ታይታን» የተባለ ሰርጓጅ አምስት ሰዎች ይዞ ወደ ታይታኒክ ስባሪ ወረደ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከላይ ካለው ደጋፊ መርከብ ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ። ለአራት ቀናት ዓለም ሁሉ «አየራቸው ለስንት ሰዓት ይበቃቸው ይሆን?» እያለ ሲጨነቅ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ስብርባሪው ከታይታኒክ አፍንጫ 500 ሜትር ያህል ርቆ ተገኘ። ሰርጓጁ ግንኙነቱ በተቋረጠባት ቅጽበት በውሃው ግፊት ተጨፍልቆ ኖሯል።

ከሟቾቹ መካከል የ48 ዓመቱ ፓኪስታናዊ ትውልድ ሻህዛዳ ዳውድና የ19 ዓመት ልጃቸው ሱለይማን ይገኙበታል። የሱለይማን እናት በኋላ ለዜና ማሰራጫዎች እንደተናገሩት፣ በመጀመሪያ ሊሳፈሩ የነበሩት እሳቸው ነበሩ፤ የልጃቸውን ጉጉት ሲያዩ ግን ቦታቸውን ለቀቁለት። በዚያች ዕለትም ከሴት ልጃቸው ጋር በደጋፊው መርከብ ላይ ሆነው መልካም ዜና ይጠባበቁ ነበር። አላህ ለሟቾቹ ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቡም መጽናናቱን ይስጥ።

ይህ ቤተሰብ መሐንዲስ አልነበረም። ቅርፊቱ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ጊዜ እንደተፈተነ መርምሮ ሊያውቅ አይችልም። እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ሕይወቱን በአማና የሰጠ ቤተሰብ ነበር። አማናውን የተቀበለው ወገን ምን ማድረግ ይገባው እንደነበር ለመረዳት ግን በመጀመሪያ ይህ ሥራ በወጉ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ማየት ይጠቅማል።

ከአረብ ብረት ወደ ቲታኒየም

የሰው ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የቻሌንጀርን ገደል ወለል የነካው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1960 ነው። ዣክ ፒካርና ዶን ዎልሽ የወረዱባት «ትሪየስት» የአረብ ብረት ኳስ ነበረች፤ የግድግዳዋ ውፍረት 12.7 ሴንቲ ሜትር ነበር። ኳሷ እጅግ ከመክበዷ የተነሣ በውሃ ላይ እንድትንሳፈፍ ቤንዚን የተሞላ ግዙፍ ጋን ከላይዋ መሸከም ነበረባት። ስለዚህ መውረድና መውጣት ብትችልም እንደልብ መዘዋወር አልቻለችም።

መሐንዲሶች እንግዲህ እንደ አረብ ብረት የጠነከረ፣ ነገር ግን ቀለል ያለ ማዕድን ፈለጉ። ይህም ቲታኒየም ሆኖ ተገኘ። ቲታኒየም መኖሩ የታወቀው በ1791 ቢሆንም፣ በብዛት ለማምረት የሚያስችል ዘዴ የተገኘው ግን በ1940ዎቹ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል መጠን ያለው አረብ ብረት 7.8 ኪሎ፣ ቲታኒየም ግን 4.5 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። በጨው ውሃም አይዝግም። ስድስት በመቶ አሉሚኒየምና አራት በመቶ ቫናዲየም ሲጨመርበት ጥንካሬው ከብዙ ዓይነት አረብ ብረት ጋር ይስተካከላል። በአውሮፕላን ሞተር ውስጥም ሆነ በቀዶ ሕክምና ወደ አጥንት በሚገቡ ብረቶች ውስጥ የምናገኘው ይኸው ቅይጥ ነው።

«አልቪን» የተባለችው የአሜሪካ የምርምር ሰርጓጅ በ1964 ስትሠራ ኳሷ አረብ ብረት ነበር። በ1973 በቲታኒየም ኳስ ሲተካ የምትወርድበት ጥልቀት እጥፍ ያህል ሆነና 3,600 ሜትር ደረሰ። በ1986 ታይታኒክን የጎበኘችው ይህችው ናት። በ2022 ደግሞ ወደ 6,500 ሜትር እንድትወርድ ተፈቀደላት። የጃፓኗ «ሺንካይ 6500» 73.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የቲታኒየም ኳስ በ1989 ወደ 6,527 ሜትር ወርዳለች።

ኳስ መሆኑስ ለምንድን ነው? እንቁላልን በመዳፋችን ይዘን ከሁሉም ጎን እኩል ብንጨብጠው በቀላሉ አይሰበርም፤ ሸክሙ ለቅርፊቱ ሁሉ እኩል ይከፋፈላልና። በጠርዝ ሲመታ ግን ወዲያው ይሰነጠቃል። ኳስም እንዲሁ ነው። ክብነቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ሸክሙ በዚያች በተዛነፈች ቦታ ይከማችና ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።

ፈተናው ደረጃ በደረጃ

ቲታኒየም ባሕርዩ አስቸጋሪ ነው። ሲግል ከአየር ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይመጥጥና እንደ ሸክላ ይሰባበራል። ስለዚህ የሚቀልጠው አየር በሌለበት ምድጃ ነው፤ የሚበየደውም እንዲሁ አየር በሌለበት ወይም አርጎን በተባለ ጋዝ ተሸፍኖ ነው። ለሰርጓጅ ኳስ የሚመረጠው ቅይጥ በተለይ ኦክስጅኑ እጅግ የተቀነሰለት ዓይነት ነው። ጥንካሬው ጥቂት ዝቅ ቢልም ስንጥቅን የመቋቋም ኃይሉ ይበልጣልና። ፈተናው የሚጀምረው እንግዲህ ከመቅለጫው ነው።

ኳሱ ሲቀጠቀጥ ሆን ተብሎ ጭማሪ ብረት ይተውለታል። ከዚያ ጭማሪ ትናንሽ ናሙናዎች ተቆርጠው አንዱ እስኪበጠስ ይጎተታል፣ ሌላው በመዶሻ ይመታል፣ ሌላው ደግሞ አስቀድሞ ተሰንጥቆ ስንጥቁ በምን ያህል ኃይል እንደሚሰፋ ይለካል። ናሙናው ከሌላ ብረት ሳይሆን ከዚያው ኳስ መምጣቱ የግድ ነው፤ ምስክርነቱ ዋጋ የሚኖረው ያን ጊዜ ነው።

ቀጥሎ በውስጡ የተደበቀ ጉድለት ይፈለጋል። እናቶች ለእርግዝና ክትትል ሲሄዱ የሚያዩት አልትራሳውንድ እዚህም ይሠራል። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ብረቱ ይላክና ክፍተት ወይም ባዕድ ነገር ካገኘ እየነጠረ ይመለሳል። ብየዳ ካለ ደግሞ በኤክስሬይ ይታያል።

ከዚያ ዋናው ፈተና ይመጣል። ኳሱ ወፍራም ግድግዳ ባለው የብረት ጋን ውስጥ ይገባል፤ ጋኑ በውሃ ይሞላና ይዘጋል፤ ፓምፕም ግፊቱን ቀስ በቀስ ይጨምራል። በኳሱ ላይ የተለጠፉ ስስ መለኪያዎች ብረቱ በየቦታው ምን ያህል እንደተጨመቀ ይመዘግባሉ። በአየር ፋንታ በውሃ የሚፈተነው ለምንድን ነው? አየር ሲታመቅ ኃይል ያጠራቅማል፤ ዕቃው ቢሰበር እንደ ቦምብ ይፈነዳል። ውሃ ግን እምብዛም ስለማይታመቅ ዕቃው ቢሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል።

ግፊቱ ሰርጓጁ ሊሠራበት ከታሰበው ጥልቀት በላይ እንዲሆን ይደረጋል። ከዚያም ይለቀቃል፤ እንደገናም ይጫናል። መሐንዲሶች በጉጉት የሚመለከቱት ኳሱ መትረፉን ብቻ አይደለም። ግፊቱ ሲለቀቅ እያንዳንዱ መለኪያ ወደ መጀመሪያው ቁጥር ተመልሷልን? አንዱ ሳይመለስ ከቀረ እዚያ ቦታ ብረቱ ለዘለቄታው ተለውጧል፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ ሥራው አይቀጥልም።

የማይታየው ድካም

ሽቦን አንድ ጊዜ ብናጥፈው አይበጠስም፤ ደጋግመን ስናጥፈው ግን ይበጠሳል። ብረት ይደክማል። ለሰርጓጅ እያንዳንዱ መውረድ አንድ መጨመቅ፣ እያንዳንዱ መውጣት አንድ መለቀቅ ነው። ድካሙ በተለይ በበሩና በመስኮቶቹ ዙሪያ ይከማቻል።

ቲታኒየም በዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ዐመል አለው። አንዳንድ ቅይጡ ከባድ ሸክም ተጭኖበት ወዲያው ከሚነሣለት ይልቅ፣ ሸክሙ ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት ሲቆይበት ዕድሜው በብዙ ያጥራል። ይህም ለሰርጓጅ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ወለል ላይ ለሰዓታት ይቆያልና። ጠባዩ የታወቀው በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፕላን ሞተር ክፍሎች መሰበር ነበር። ሆኖም ከብዙ ዓመታት በኋላም ሰዎችን አስደንግጧል። ሴፕቴምበር 30 ቀን 2017 የኤር ፍራንስ ግዙፍ አውሮፕላን በግሪንላንድ ሰማይ ላይ ሳለ አንደኛው ሞተሩ ፊት ለፊቱ ተገንጥሎ ወደቀ። በአላህ ፈቃድ 521ዱም ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች በሰላም አረፉ። መርማሪዎቹ ግን «ሰው አልሞተም» ብለው አልተዉትም። የወደቀውን ቁራጭ በበረዶው ምድር ለሁለት ዓመት ያህል ፈልገው፣ በ2019 አራት ሜትር ያህል በረዶ ቆፍረው አወጡት። ቁራጩም ይህንኑ ድካም መሰከረ። ብረቱ ያው ስድስት በመቶ አሉሚኒየምና አራት በመቶ ቫናዲየም ያለበት ቅይጥ ነበር።

ስለዚህ ዛሬ ናሙናዎች ተጭነው ወዲያው እንዲለቀቁ ብቻ ሳይሆን፣ ሰርጓጅ ወለል ላይ እንደሚቆይ ሁሉ ሸክሙን ተሸክመው እንዲቆዩ እየተደረገ ይፈተናሉ። አልቪንም ከ5,000 ጊዜ በላይ ወርዳ ስትመለስ፣ በየጥቂት ዓመቱ ከአናት እስከ እግሯ ተፈታታ እየተመረመረች ነው።

መርማሪው ራሱ ሲሳፈር

በ2019 «ሊሚቲንግ ፋክተር» የተባለች ሁለት ሰው የምትይዝ ሰርጓጅ ወደ ቻሌንጀር ገደል ወረደች። ኳሷ 90 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቲታኒየም ነው። ከመውረዷ በፊት ኳሷ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተወስዶ በዚያ ባለ የግፊት ጋን ውስጥ ከውቅያኖስ ሁሉ ጥልቀት በሃያ በመቶ በሚበልጥ ግፊት ተፈትኗል። ዲ.ኤን.ቪ. ጂ.ኤል. የተባለው የመርከብ መርማሪ ድርጅትም ከንድፉ ጀምሮ ሥራውን ተከታትሏል። በመጨረሻም የድርጅቱ ባለሙያ ራሱ ተሳፍሮ እስከ ወለሉ ወርዷል። ሰርጓጅዋም ወደዚያ ጥልቀት ደጋግማ እንድትወርድ የምስክር ወረቀት ያገኘች የመጀመሪያዋ ሆነች።

ቻይናውያን በበኩላቸው ሦስት ሰው የሚይዝ ሰርጓጅ ሲያስቡ፣ በተለመደው ቅይጥ ከተሠራ ግድግዳው እጅግ እንደሚወፍር አዩ። ስለዚህ አዲስ የቲታኒየም ቅይጥ ሠሩ፤ ፈተኑትም። «ፌንዶውዠ» የተባለችው ሰርጓጃቸው ኖቬምበር 10 ቀን 2020 ወደ 10,909 ሜትር ወርዳ ተመለሰች። አዲስ ነገር መሥራት በራሱ ጥፋት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ያልተፈተነው

ታይታን ግን ኳስ አልነበረም። መካከሉ ከካርቦን ክር የተጠቀለለና በሙጫ የተያያዘ፣ 12.7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በርሜል ሲሆን፣ በሁለቱ ጫፎቹ የቲታኒየም ክዳኖች ነበሩት። የካርቦን ክር እንደ ገመድ ነው፤ ሲጎተት እጅግ ይጠነክራል፤ ሲገፋ ግን ጥንካሬው በሙጫውና በንብርብሮቹ መያያዝ ላይ ይወድቃል። በ2018 በዘርፉ የሚሠሩ ከሠላሳ በላይ ባለሙያዎች ለኩባንያው ሥጋታቸውን የገለጹበትን ደብዳቤ አዘጋጁ፤ በገለልተኛ ድርጅት ያስመረምር ዘንድም መከሩ። ከኩባንያው ውስጥ ሥጋቱን በጽሑፍ ያቀረበ ኃላፊም በዚያው ዓመት ከሥራ ተባረረ። ኩባንያው ሰርጓጁን ለገለልተኛ መርማሪ አላቀረበም።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ታይታን በ2021 እና በ2022 ደጋግሞ ታይታኒክ ዘንድ ደርሶ ተመለሰ። ብዙዎችን ያሳመነውም ይኸው ነበር። ነገር ግን በጁላይ 2022 ከአንድ ጉዞ ወደ ላይ ሲመለስ ከቅርፊቱ ከባድ የፍንዳታ ድምፅ ተሰማ፤ በቅርፊቱ ላይ የነበሩት መለኪያዎችም ከዚያ በኋላ የተለየ ቁጥር ማሳየት ጀመሩ። ቲታኒየሙን የሚፈትኑት ሰዎች አንድ መለኪያ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሲቀር ሥራውን እንደሚያቆሙ ከላይ አይተናል። እዚህ ግን ሥራው ቀጠለ። ሰርጓጁም ክረምቱን ከቤት ውጭ በካናዳ ብርድ አሳለፈ።

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2025 ባወጣው ዘገባ አደጋው መከላከል ይቻል እንደነበር አስታወቀ፤ የንድፍ፣ የምስክርነትና የጥገና ጉድለቶችንም ዘረዘረ። ከባሕሩ ወለል በተነሣው ስብርባሪ መካከል የካርቦኑ በርሜል ተበጣጥሶ ሲገኝ፣ የቲታኒየሙ ክዳኖች ግን ቅርጻቸውን እንደያዙ ወጥተዋል።

ከደጃችን ስናየው

ውድ አንባቢያን! ይህ ሁሉ ከእኛ የራቀ መስሎ እንዳይታየን። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የበረራ ቁጥር 302 ቢሾፍቱ አቅራቢያ ሲከሰከስ 157 ሰዎች አልቀዋል። በምርመራው ከታወቁት ምክንያቶች ዋነኛው የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች የሚደፋ፣ በአንድ ጠቋሚ ብቻ የሚመራ ሥርዓት ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ በ2020 ባወጣው ዘገባ፣ መርማሪው መሥሪያ ቤት ብዙውን የመመርመር ሥራ ለአምራቹ ለራሱ ሠራተኞች መስጠቱን ነቅፏል። ባለቤቱ የራሱ ዳኛ ሲሆን የሚደርሰውን እኛም በለቅሶ ቤታችን አይተነዋል።

በአያትና በዙሪያው ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ የበቀሉትን ሕንፃዎችም እንመልከት። አርማታ ሲሞላ ከዚያው ውሕድ ተዝቆ በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቅርጽ ይሞላል። ይህ ኩብ በውሃ ከቆየ በኋላ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ መኪና ይሰበራል። ሲ-25 የሚባለው አርማታ በ28ኛው ቀን በየካሬ ሴንቲ ሜትሩ 250 ኪሎ ያህል፣ ኩቡ በጠቅላላው ከ560 ኩንታል በላይ መሸከም ይኖርበታል። ይሁን እንጂ ለፈተና የሚላከው ኩብ ሲሚንቶው ሆን ተብሎ የበዛለት ከሆነ፣ ፈተናውን ያለፈው ኩቡ እንጂ ሕንፃው አይደለም። ልጆቻችን የሚተኙት ደግሞ ከአምዱ ሥር ነው።

የቡታ ጋዝ ሲሊንደርም እንደ ቲታኒየሙ ኳስ በውሃ ግፊት የሚፈተን ዕቃ ነው፤ የፈተናው ዘመን በአንገቱ አካባቢ ታትሞ ይገኛል። የሕንፃ አሳንሰርም በየጊዜው መመርመር አለበት። «እስካሁን ምንም አልሆነም» የሚለው ቃል ለአንዳቸውም ምስክር ሊሆን አይችልም። ታይታንም እስከዚያች ቀን ድረስ ምንም አልሆነም ነበር።

እንግዲህ ቤት ስንገዛ፣ ሲሊንደር ስንቀይር፣ ልጆቻችንን አሳንሰር ውስጥ ስናስገባ ሦስት ጥያቄዎችን ለመጠየቅ አንፈር። ከሻጩ ሌላ ማን ፈተነው? ከሚሸከመው በላይ ተጭኖ ታይቷልን? ለመጨረሻ ጊዜ የተመረመረውስ መቼ ነው? ሥራውን በአማና የያዘ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይቀየምም፤ ወረቀቱን አውጥቶ ያሳየናል። የሚቆጣ ከገጠመን ግን ገንዘባችንን ከመክፈላችን በፊት ሌላ ባለሙያ ጠርተን እናስመርምር።

ቸር ይግጠመን።